የአዋሽ አሮጌው ባቡር ጣቢያ፦ ከሐዲድ ፍተሻው በፊት

ውድ አባላት፣

«ጣቢያው ይከፈታል ወይ?» ለምትሉን ቁርጡን እንናገር። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1,000 ሚሊሜትር ነው፤ የአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር 1,435። የአዲሱ መስመር ፉርጎ እዚህ ሐዲድ ላይ ሊቆም አይችልም። ያዋጣል የምንለው ከጣቢያው ተነስቶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ደርሶ የሚመለስ የጎብኚ ሊቶሪና (በራሱ ሞተር የሚሄድ የመንገደኛ ፉርጎ) ነው። ቡፌ ሆቴሉም እዚያው አጠገቡ ነው።

ፈቃዱ በጽሑፍ እጃችን እስኪገባ አንዲት ቡሎን አትነካም። ከዚያ በየ5 ሜትሩ ከሐዲዱ ውስጠኛ ጠርዝ እስከ ውስጠኛ ጠርዝ በሜትሮ ለኩ፤ የሰፋውን በቀለም ምልክት አድርጉበት።

ዋናው ጣጣ መገጣጠሚያው ላይ ነው። 10 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ከ3 ሚሊሜትር በላይ ይረዝማል። ክፍተቱን አሸዋና ዝገት ከደፈነው ሐዲዱ መሄጃ አጥቶ ወደ ጎን ይጎብጣል፤ የአዋሽን ፀሐይ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በቀጭን ብረት ጠርጉት። ዳዶው እምቢ ካለ በመዶሻ አትደብድቡት፣ ናፍጣ ቀብታችሁ አሳድሩት። የሐዲዱ ቁራጭ 10 ሜትር ከሆነ ለ1 ኪሎ ሜትር በግራና በቀኙ ሐዲድ ተደምሮ 200 መገጣጠሚያ አለ፤ ለእያንዳንዱ በ4 ቡሎን ሲሰላ 800 መሆኑ ነው። የጎደለውን ቁጠሩ፤ ብዙ ይጎድላል፣ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ አይጠፋማ።

የጎርፍ መተላለፊያዎቹን ከሥር እዩ። ጠጠሩ ታጥቦ ሐዲዱ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ከላይ አይታወቅም። የጣቢያው ጣሪያ ይቆየን፤ ቆርቆሮ መቀየር ቀላል ነው።