ለአባባ ለደረሳችሁለት ሁሉ

አባባ ቅዳሜ ቤቱ ገባ። ተደግፎም ቢሆን በእግሩ ነው የገባው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል 26 ቀን ተኝቶ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በዛገ ሚስማር ነው። የአጥር ቆርቆሮ ሲመታ እግሩን ወጋው፤ በአረቄ አጠበውና ዝም አለ። በሳምንቱ አፉ አልከፈት አለ። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ጥርስ ነው ብሎ ማስታገሻ ሰጠን። በማግስቱ ጀርባው እንደ ቀስት ተለጠጠ። ለካ መንጋጋ ቆልፍ ኖሯል።

ጉሮሮውን ከፍታችሁ በማሽን ያስተነፈሳችሁት ሐኪሞችና ነርሶች፣ ብድራችሁን እግዜር ይክፈል። ባልዲሽን ሳታንኳኪ በባዶ እግርሽ ትገቢ የነበርሽው የጽዳት እህታችን፣ አንቺንም።

ሌሊት ኮሪደር ላይ ወረቀት አውጥተህ ዋርካ የሳልክልኝ ወጣት ሐኪም፣ ያንተ ውለታ ለብቻው ነው። እማማ ጆሮው ሥር ዳዊት ስትደግም ከለከልካት፤ እኔም ተቆጣሁህ። አንተ ግን ቁጭ ብለህ አስረዳኸኝ። ጡንቻን የሚያዘው ሞተር ኒውሮን እንደ ዋርካ ነው አልክ። ግንዱም ቅርንጫፎቹም ላይ «ቁም» የሚሉ ሲናፕሶች፣ ማለትም የነርቭ ሴሎች መገናኛዎች፣ አሉ። ግንዱ ላይ ያለው ፍሬን ከየቅርንጫፉ የመጣውን ኤሌክትሪክ መውጫው አጠገብ ያዳክመዋል። ቅርንጫፍ ላይ ያለው ደግሞ የዚያን ቅርንጫፍ ጅረት እዚያው ይይዘዋል። እዚያ አንዴ ከተከፈቱ ቶሎ የማይዘጉ የካልሲየም በሮች ስላሉ፣ ቦታው ለውጥ ያመጣል። ጆን ኤክልስ የሚባል ሰው ይህን «ቁም» የሚል ምልክት ድመት ላይ ለክቶ፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1963 ኖቤል እንደተሸለመ ሁሉ ነገርከኝ። በዚያ ሌሊት ስለ ድመት!

የመንጋጋ ቆልፍ መርዝ ከቁስሉ በነርቭ ሽቅብ ወጥቶ አከርካሪ ይገባል። እዚያ ፍሬን የያዙትን ሴሎች «ቁም» የሚለውን መልእክት የሚያደርሱትን ኬሚካሎች፣ ግላይሲንና ጋባን፣ እንዳይለቁ ያደርጋቸዋል። የግንዱም የቅርንጫፉም ፍሬን አብሮ ይበጠሳል። ያኔ የበር ኳኳታ እንኳ ሰውነቱን ሙሉ ያንዘፈዝፈዋል። ዳያዜፓም የሚባለው መድኃኒት የቀረችውን የጋባ ፍሬን ለማበርታት ነበር። ከዚያ ወዲያ እማማ ዳዊቷን በከንፈሯ ብቻ ደገመች።

በሽታው ራሱ መከላከያ አይሰጥም ብላችሁ ሳይወጣ ስለከተባችሁትም እናመሰግናለን። ቀሪውን ክትባት በቀኑ እናስወጋዋለን።

አጥሩን የጨረሱልን ጎረቤታችን ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን። አባባ ከወዲሁ የጓሮውን ልጀምር እያለ ነው። አደራ፣ መዶሻውን እንዳይመልሱልን።