ለልጄ፦ ለአንድ ሥራ ሦስት ኢንዛይም

ውድ ልጄ፣

በላክሽልኝ ደብዳቤ «ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ለአንድ ሥራ ሦስት ኢንዛይም ማምረቱ ብክነት አይደለም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። በስልክ ነካ አድርጌው ከማልፍ በጽሑፍ ልመልስልሽ ወደድሁ።

ዲኤኤችፒ ሲንቴዝ የሚባለው የኢንዛይም ቤተሰብ ባለ ሦስት ካርቦኑን ፎስፎኢኖልፓይሩቬት ከባለ አራት ካርቦኑ ኤሪትሮስ-4-ፎስፌት ጋር አጣምሮ ባለ ሰባት ካርቦን ውህድ ይሠራል፤ ለዚህም እንደ ማንጋኒዝ ያለ የሜታል አዮን የግድ ያስፈልገዋል። የሺኪሜት ጎዳና የሚባለው የተከታታይ ኬሚካዊ ለውጦች መስመር መነሻ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ 6 ርምጃዎች ተሻግረን ኮሪስሜት የተባለው ውህድ ላይ ስንደርስ መንገዱ ይከፈልና ፌኒልአላኒን፣ ታይሮሲንና ትሪፕቶፋን የሚባሉት አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) ይገኛሉ። ጎዳናው በባክቴሪያ፣ በፈንገስና በዕፅዋት እንጂ በእኛ ሰውነት ውስጥ እንደሌለ ታውቂያለሽ።

እንግዲህ መግቢያው ላይ አንድ ኢንዛይም ብቻ ቢኖርና እሱን የሚያግደው ፌኒልአላኒን ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አስቢ። ባክቴሪያው ያለበት ፈሳሽ ፌኒልአላኒን የሞላበት እንደ ሆነ ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆማል፤ ታይሮሲንና ትሪፕቶፋን ግን ከዚያው መነሻ የሚመጡ ስለ ሆኑ ሴሉ እነሱን አጥቶ ማደጉን ያቆም ነበር። በኢ. ኮላይ ውስጥ ግን ከጠየቅሽኝ ሦስት የዲኤኤችፒ ሲንቴዝ ኢንዛይሞች አሮ-ኤፍ በታይሮሲን፣ አሮ-ጂ በፌኒልአላኒን፣ አሮ-ኤች በትሪፕቶፋን ይገታሉ፤ ከአብዛኛው ሥራ ኃላፊ የሆነው አሮ-ጂ ቢዳከም እንኳ የቀሩት ጎዳናውን ክፍት ያደርጉታል። ስለዚህ ብክነት ያልሽውን ነገር እኔ ቁጥጥር እለዋለሁ።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን፣ ፌኒልአላኒን አሮ-ጂን የሚያግደው ሥራው የሚከናወንበትን ቦታ በመያዝ አለመሆኑ ነው። ከዚያ ራቅ ባለ ኪስ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ የፕሮቲኑም ቅርጽ ሲለወጥ ለውጡ እስከ ሥራው ቦታ ድረስ ይደርሳል። ፌኒልአላኒንን በባክቴሪያ ማምረት የሚፈልጉ ባለሙያዎችም ብዙውን ጊዜ የሚነኩት ያንኑ ኪስ ነው፤ በዚያ አካባቢ አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ መለወጥ እገዳውን ሊያነሣው ይችላል።

የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ደግሞ የቤተሰቡ ሁለተኛ ወገን የሆነ አንድ ኢንዛይም ብቻ ነው ያለው። ፌኒልአላኒን ለብቻው፣ ትሪፕቶፋንም ለብቻው ብዙም አይነኩትም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲበዙ ግን ሥራው ክፉኛ ይዳከማል። ለእኔ ከሦስቱ ኢንዛይም ይልቅ ይህ የረቀቀ ነው። የሁለቱን ባክቴሪያዎች ኢንዛይም ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ኪሶቹ የት የት እንዳሉ ከተመለከትሽ በኋላ፣ የአንቺን ፍርድ ጻፊልኝ።

አባትሽ