የስታቲስቲክስ ሞዴሊንግ ሥልጠናችን እንዳይቋረጥ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የቀድሞ ሠልጣኞቻችን፣ ጊዜያችሁን ሰውታችሁ ያስተማራችሁልን መምህራን፣ በአገር ውስጥም በውጭም የምትገኙ ወዳጆቻችን፦

ብዙዎቻችሁ እንደሰማችሁት፣ በሐምሌ ወር ጎንደር ላይ በሌሊት የጣለው በረዶ የቀላቀለ ዝናብ የሥልጠና አዳራሻችንን ጣሪያ በአንድ ወገን አፍርሶታል። ቆርቆሮው ተገንጥሎ ኮርኒሱ በኮምፒውተሮቹ ላይ ወረደ። በማግስቱ የደረሱት የኮሚቴ አባላት ላፕቶፕ እየዘቀዘቁ ውኃ ሲያፈስሱ ዋሉ። አብዛኞቹ ከጥቅም ውጭ ሆነዋል። ትልቁ ኮምፒውተር ጥግ ላይ ስለነበር ተርፏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ወዲያው የጀመርነው መዋጮ መጀመሪያ ላይ ደህና ገባ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። እስካሁን የተሰበሰበው ለቆርቆሮው እንኳ አይበቃም። ደብዳቤ ጽፈናል፣ ደውለናል፣ ቢሮ ለቢሮ ዞረናል፤ መድከማችንን አንደብቅም። ቀጣዩ ዙር በጥቅምት መጀመር አለበት፤ የተመዘገቡት ሠልጣኞችም በየቀኑ እየጠየቁን ነው።

በጥናት የተሰበሰበ መረጃን በሒሳብ ሞዴል መተንተን የምናስተምርበት ይህ ሥልጠና የቅንጦት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት 645 የቆጠራ ቦታዎች (ለቆጠራ የተከለሉ አካባቢዎች) ተመርጠው 15,683 ሴቶች ተጠይቀዋል። በአንድ የቆጠራ ቦታ ያሉ እናቶች የሚሄዱት ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ነው፤ የሚያልፉትም በአንድ መንገድ ነው፤ ስለዚህ መልሳቸው ይቀራረባል። ተራው የሎጂስቲክ ሬግሬሽን (አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ ከምን ጋር እንደሚያያዝ የሚያሰላው ዘዴ) ግን እያንዳንዷን ከጎረቤቷ ጋር ምንም እንደማያገናኛት አድርጎ ይቆጥራል። መደበኛ ስህተቱ (ግምቱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚለካው ቁጥር) ከሚገባው በታች ይሆናል፣ የመተማመኛ ክልሉ (እውነተኛው ቁጥር ይገኝበታል የሚባለው ወሰን) ይጠባል፣ የሌለ ልዩነት እንዳለ ሆኖ ይታተማል። ያንን ጽሑፍ አምኖ በጀት የሚመድብ ኃላፊ ምን ጥፋት አለበት? እናቶቹ ሥራቸውን ትተው፣ የልጆቻቸውን ሞት ሳይቀር ተናግረው የሰጡትን መረጃ በትክክል መተንተን የእኛ ዕዳ ነው። የአንድ አካባቢ ሰዎች መልስ መቀራረቡን ከስሌቱ የሚያስገባውን ባለብዙ ደረጃ ሞዴል የምናስተምረው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በተቋቋመው የዳባት የጥናት ጣቢያ መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትና ሞት ሲመዘግቡ ለኖሩበት ሥራም የሚመጥን ተንታኝ ያስፈልጋል።

ሥልጠናው በተውሶ ላፕቶፖችና በቀላል ሬግሬሽን እንደተጀመረ ታስታውሳላችሁ። ዛሬ የጎደለ መረጃ አያያዝን፣ የሰርቫይቫል ትንተናን (አንድ ነገር፣ ለምሳሌ ሞት፣ እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ማጥናትን)፣ የቤይዝያን ሞዴሎችን (ቀድሞ የሚታወቀውን ከአዲሱ መረጃ ጋር አጣምረው የሚገምቱትን) እናስተምራለን። ከደብረ ታቦር፣ ከደባርቅ፣ ከወልድያ የመጡ ሠልጣኞች ተመልሰው የሥራ ባልደረቦቻቸውን አሠልጥነዋል። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት እንኳ አልቆምንም፤ የምንተነትንበትን ሶፍትዌር ጥቅሎች በፍላሽ እየቀዳን ለሠልጣኞች አድለናል። የምንጠቀምበት አር (R) በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት መምህራን የጀመሩት፣ ለዓለም በነጻ የተሰጠ ሶፍትዌር ነው። ለሶፍትዌር ፈቃድ አንድም ብር አላወጣንም።

ስለ ወጪ ከተነሣ፣ አንዳንድ ወዳጆች ትልቁ ኮምፒውተርና ባትሪው ለምን ተገዙ ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ቀላል ነው። አንድ የቤይዝያን ሞዴል በሺህ የሚቆጠሩ ናሙናዎችን ደጋግሞ እያወጣ ሲሠራ ሊያድር ይችላል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ከጠፋ የሌሊቱ ልፋት ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ ሠልጣኙ ጠዋት የሚያገኘው ባዶ ስክሪን ነው። ይህን ደጋግመን ካየን በኋላ ነው ባትሪውን የገዛነው። አሠልጣኞች አበል አይወስዱም። ለምሳና ለማደሪያ የወጣው ከሌላ ከተማ ለሚመጡት ብቻ ነው፤ ደረሰኙ ሁሉ በፋይል አለ፤ ማንም ማየት ይችላል።

ክርስቲያኑ መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ ምን እንደተባለ ያውቃል። ሙስሊሙም ሰው ከሞተ በኋላ ምንዳቸው ከማይቋረጡ ሥራዎች አንዱ ጠቃሚ እውቀት መሆኑን ያውቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ ከወር ደመወዛችሁ ጥቂት ብትቀንሱልን ጣሪያው ይቆማል። በአውሮፓና በአሜሪካ በስታቲስቲክስ ሙያ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሥራ ያወጣችሁት ደህና ላፕቶፕ ካለ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው ላኩልን፤ እርሱም ትልቅ ስጦታ ነው።

ገንዘቡ የሚገባው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኮሚቴው ስም በተከፈተው የጋራ ሒሳብ ነው። ቁጥሩ ከዚህ ጥሪ ጋር በተያያዘው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ላይ ተጽፏል። ከሒሳቡ ወጪ የሚደረገው በሦስት ሰዎች ፊርማ ብቻ ነው። በምክንያቱ ቦታ «ለሞዴሊንግ ሥልጠና» ብላችሁ ጻፉ፤ ይህ ካልተጻፈ ገንዘቡ ከማን እንደመጣና ለምን እንደሆነ ለይተን ለመመዝገብ እንቸገራለን።

አሁንም ደግመን እናሳስባለን፦ በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ አትላኩ፤ በኮሚቴው ስም ገንዘብ በእጅ የሚሰበስብ ሰው አላሰማራንም። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚሁ የንግድ ባንክ ሒሳብ አስተላልፉ። ከላካችሁ በኋላ የደረሰኙን ፎቶ ለገንዘብ ያዣችን ላኩ፤ ማረጋገጫ ካልደረሳችሁ ደውላችሁ ጠይቁን። አናጺው ሥራውን ለመጀመር ቀብድ የሚቀበለው እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ነው።

የሥልጠናው አስተባባሪ ኮሚቴ፣ ጎንደር