ደብዳቤው ይቆይ፣ ሕክምናው ይቅደም

ለክቡር አዘጋጅ፦

ስለ አስገድዶ መድፈር ሲነሳ ክርክሩ ሁሉ ቅጣቱ ላይ ያርፋል፤ አነሰ፣ ይጠንክር እየተባለ። ጉዳዩ ግን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ፍርድ ቤት ሳይደርስ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው።

ተጎጂዋ ፖሊስ ጣቢያ ስትመጣ ቃሏን ትሰጣለች፣ ከዚያ ለሆስፒታል ደብዳቤ ይጻፍላታል። መርማሪው ወይም ማኅተም ያዡ ከሌለ «ነገ ተመለሺ» ትባላለች። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ግን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በዘገየ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም ከ120 ሰዓት አያልፍም። ስለዚህ ተረኛው ፖሊስ ስሟንና ሰዓቱን መዝግቦ ወዲያው ወደ ሐኪም ይሸኛት። ሙሉ ቃሏ ከሕክምናው በኋላ ይደርሳል።

የለበሰችው ልብስ አይታጠብ። እያንዳንዱ ለብቻው በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ እርጥብ ከሆነ አስቀድሞ በጥላ ይድረቅ። ፌስታል እርጥበቱን አፍኖ ያሻግተዋል፣ የሻገተ ልብስ ደግሞ ለላቦራቶሪ አይመችም። ታጥባ ብትመጣም «ማስረጃው ጠፍቷል» ብሎ መመለስ በደል ነው፤ ቁስሏም ቃሏም ማስረጃ ነው።

ሕፃናት ላይ ደግሞ ትልቁ ችግር ድግግሞሽ ነው። አንዲት ልጅ ለተረኛው፣ ለመርማሪው፣ ለሐኪሙ፣ ለዐቃቤ ሕጉ ደጋግማ ስትናገር ትንሽ ልዩነት መምጣቱ አይቀርም፤ ተከላካይ ጠበቃ የሚይዘውም ያንኑ ነው። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት፣ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ሐኪምና አማካሪ አንድ ጣሪያ ሥር ሲሠሩ አንዴ በደንብ መጠየቅ ይቻላል። ጥያቄውም «ምን ሆነ? ከዚያስ?» ይሁን እንጂ መልሱን አፏ ውስጥ የሚከት አይሁን።

ካረገዘችም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 552 መሠረት ለማቋረጥ የራሷ ቃል ይበቃል። የፖሊስ ወረቀት አምጪ ማለት ሕጉ ያልጠየቀውን መጠየቅ ነው። ሽማግሌ ገብቶ «ታርቀናል» ቢባልም ወንጀሉ በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ስላልሆነ መዝገቡ በዕርቅ አይዘጋም።

ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ለ28 ቀን ይወሰዳል፤ ስለሚያቅለሸልሽ የሚያቋርጡት ብዙ ናቸውና በስልክ መከታተል ያስፈልጋል። አጥቂው የቤት ሰው ሊሆን ስለሚችል ግን በየትኛው ስልክ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ነኝ ተብሎ እንደሚደወል አስቀድማ ትጠየቅ። ተጠርጣሪው በዋስ ሲፈታም ይህን የሚነግራት ፖሊስ በየጣቢያው በስሙ ይመደብ፤ የጎረቤት ወሬ አይቅደመው።

ከተጎጂዎች አገልግሎት ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ