ለደንበኞቻችን፦ የኖትፓድ ፕላስ ፕላስን የሙከራ ዕትም ስለ መጫንና ስለ መፈተሽ

ውድ ደንበኞቻችን፣

የኖትፓድ ፕላስ ፕላስ የሙከራ ዕትም፣ በተለምዶ ቤታ የሚባለው፣ ብቅ ባለ ቁጥር የጽሕፈት አገልግሎት ቤቶች፣ ማተሚያ ቤቶችና የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎች ስለ አጫጫኑ ይጠይቁናል። ይህ ደብዳቤ ለሁሉም በአንድነት የተጻፈ መልስ ነው። የሙከራ ዕትሙን ይጫኑ፤ ነገር ግን ዕለት ዕለት በሚሠሩበት ዕትም ላይ ሳይሆን ከጎኑ፣ በራሱ ፎልደር ይሁን። ሰው ከፍሎ ያስጻፈውን ውል ወይም ማመልከቻ ደግሞ በሙከራ ዕትም አይክፈቱ፤ መክፈት ካስፈለገ ቅጂውን ነው።

ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚሰጥ፣ ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ ቴክስት ኤዲተር ነው። አዲስ ዕትም ይፋ ከመሆኑ በፊት ፈቃደኞች እንዲፈትሹት አስቀድሞ ይለቀቃል። በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው በዓለም ሞልቷል፤ በዚያ በኩል ያለ ስህተት ውሎ ሳያድር ይታያል። ግዕዝን የሚነካ ስህተት የሚታየው ግን ግዕዝ ለሚጽፍ ሰው ነው። ጎንደር ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ አማርኛ የሚተይብ ሰው ካላየው፣ ስህተቱ ይፋ ወደሚሆነው ዕትም አልፎ ሥራ በሚበዛበት ቀን መልሶ ያገኘናል። ፈተሻውን ትልቅ ጉዳይ አድርገን የምንጽፈው ለዚህ ነው።

ወደ አጫጫኑ እንግባ። ኮምፒውተርዎ 64 ቢት ይሁን 32 ቢት ሰቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ገብተው ይዩ። ከዚያ ከኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ከራሱ ይፋዊ ገጽ ለማሽንዎ የሚስማማውን ፖርተብል የዚፕ ፋይል ያውርዱ። ኢንስቶለሩን ይተዉት፤ ኢንስቶለር የነበረውን ዕትም አጥፍቶ በቦታው ይቀመጣል፣ ዚፑ ግን የትም ፎልደር ውስጥ ተፈትቶ ይሠራል፣ ሲበቃዎም ይጣላል።

ኔትወርክ ሲቆራረጥ የሚወርድ ፋይል ጎዶሎ ሆኖ ሊቀር ስለሚችል፣ ከመፍታትዎ በፊት ያመሳክሩት። ሰቨን ዚፕ የሚባለው የዚፕ መፍቻ ፕሮግራም የተጫነበት ማሽን ላይ ፋይሉን ራይት ክሊክ ሲያደርጉ ሻ 256 የሚል ምርጫ ያገኛሉ፤ ሲነኩት 64 ምልክት ያለው ረጅም ቁጥር ያወጣል። ይህ ቁጥር ከማውረጃው ጎን ከተጻፈው ጋር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምልክት አንድ መሆን አለበት። አንዷ ብትለይ ፋይሉን ጥለው እንደገና ያውርዱ። ቁጥሩ ከገጠመ ዚፑን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ ብለው ከታች አንብሎክ የሚል ሳጥን ካለ ምልክት ያድርጉበት። ይህን ሳያደርጉ ከፈቱት «ከኢንተርኔት የመጣ» የሚለው ምልክት ውስጥ ወዳሉት ፋይሎች ይተላለፍና ዊንዶውስ ፕሮግራሙን ሲከፍቱት ሊያስቆምዎ ይችላል።

ዚፑን ዲ ድራይቭ ላይ «ሙከራ» የሚል ፎልደር ከፍተው እዚያ ይፍቱት። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ፈጽሞ አይፍቱት፤ ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ፖርተብል ዕትም ሰቲንጉን በራሱ ፎልደር የሚያስቀምጠው እንዲያ እንዲያደርግ የሚነግረው አንድ ባዶ ፋይል አብሮት ስላለ ነው። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ግን ዊንዶውስ ያለ አድሚን ፈቃድ እንዲጻፍ ስለማይፈቅድ፣ ያ ፋይል ቢኖርም አይቆጠርም። ያኔ የሙከራ ዕትሙ የቆየውን ዕትም ሰቲንግ ያነባል፣ ይባስ ብሎም ይጽፍበታል። ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያሉት ነገር በስም ብቻ ይቀራል።

ከመክፈትዎ በፊት የቆየውን ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ሙሉ በሙሉ ይዝጉ። ፕሮግራሙ ሲከፈት ሌላ የተከፈተ ካገኘ አዲስ መስኮት ከማውጣት ይልቅ ያንኑ ስለሚያመጣ፣ ቤታውን የከፈቱ መስሎዎት ግማሽ ቀን በአሮጌው ሲፈትሹ ሊውሉ ይችላሉ። ስለዚህ እንደተከፈተ በሜኑው ጫፍ ያለውን የጥያቄ ምልክት ነክተው ዲባግ ኢንፎ የሚለውን ይክፈቱ። ማየት ያለብዎ ሦስት ነገሮችን ነው፤ የዕትሙ ቁጥር አዲሱ መሆኑ፣ ፕሮግራሙ ያለበት ቦታ ዲ ድራይቭ ላይ ያለው «ሙከራ» መሆኑና ሎካል ኮንፍ ሞድ የሚለው ኦን ማለቱ። ሦስተኛው ኦፍ ካለ ወዲያው ይዝጉትና የፈቱበትን ቦታ ይመልከቱ። ፕለጊን የሚባሉትን በኤዲተሩ ላይ የሚጨመሩ የቆዩ ክፍሎችንም በጅምላ አይቅዱ፤ ለ32 ቢት የተሠራ ፕለጊን 64 ቢት ላይ አይነሳም፣ የሚነሳውም ቢሆን የፕለጊኑን ችግር ከቤታው ችግር መለየት ይቸግራል።

አሁን ወደ ዋናው ፈተሻ። ዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ለእያንዳንዳቸው ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት፣ ለግዕዝ ፊደል ቦታ የሰጠው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ዕትሙ ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አቀማመጥ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት፣ ማለትም አንድ የፋይል መጠን መለኪያ፣ ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ይህች ቁጥር መልካም ሚዛን ናት። አዲስ ፋይል ይክፈቱ፣ «ጎንደር» ብለው ይጻፉ፣ ኢንተር ሳይነኩ ሴቭ ያድርጉና ፋይሉን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ ብለው ሳይዝ የሚለውን ያንብቡ። ሳይዝ ኦን ዲስክ የሚለው ሌላ ነገር ነው፣ አይዩት። 4 ፊደል በ3 ሲባዛ 12 ባይት ነው፤ 12 ካለ ጽሑፉ ደኅና ተቀምጧል። 14 ካለ ኢንተር ነክተዋል፤ የዊንዶውስ መስመር መጨረሻ 2 ባይት ይወስዳል። 15 ካለ ከፊት ቦም የሚባል የማይታይ 3 ባይት ተጨምሯል፤ ለንባብ ጉዳት የለውም፣ አንዳንድ ፕሮግራም ግን ፋይሉን ሲቀበል ይደናቀፍበታል። 10 ካለ አቀማመጡ ዩቲኤፍ 16 ሆኗል፣ ለያንዳንዱ ፊደል 2 ባይት፣ ለቦሙ 2። 4 ካለ ግን ጽሑፉ ጠፍቷል። አንሲ በሚባለው አቀማመጥ ተቀምጦ እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ሆኗል ማለት ነው። መስኮቱ እስኪዘጋ ድረስ ፊደሉ ስክሪን ላይ ሊታይ ስለሚችል፣ ዓይን ብቻ አይበቃም፤ ሚዛኑን ይመኑ።

ከዚያ ጠንከር ያለችውን መስመር ይሞክሩ፦ «ቁስቋም፣ ቋራ፣ ጭልጋ፣ ፀሐይ፣ ፲፮፻፳፰።» በቃላቱ መካከል አንዳንድ ክፍት ቦታ ብቻ ትተው ከጻፉት ልኩ 70 ባይት ነው፤ 22ቱ የግዕዝ ምልክቶች 66፣ 4ቱ ክፍት ቦታዎች 4። ቋ የገባችው ዲቃላ ፊደላት የሚጎድሉበት ፎንት ስለሚኖር ነው፤ አኃዙ የገባው ደግሞ የላይና የታች ሰረዙ በትክክል መታየቱን ለማየት ነው። ሴቭ አድርገው ይዝጉ፣ እንደገና ከፍተው አንድ ፊደል ጨምረው መልሰው ያጥፉ፣ ሴቭ ያድርጉ። ልኩ 70 ሆኖ መቆየት አለበት። ይህንኑ በቆየው ዕትም ይድገሙት። በሁለቱም አንድ ዓይነት የሆነ ጉድለት የቤታው አይደለም፤ የምንፈልገው ልዩነቱን ነው።

ፊደል ሲበላሽ የሚያሳየው መልክ ሦስት ነው፤ ሕክምናቸውም ይለያያል። ባዶ ሳጥን ከታየ የጎደለው ፎንት ነው፣ ጽሑፉ አልተነካም። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ተጨማሪ ሆኖ ለብቻው የሚጫን ፎንት ስለሆነ ይጫኑት፤ ወይም ስታይል ኮንፊገሬተር ገብተው ኢብሪማን ይምረጡ። በየሦስት ምልክቱ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» እየተመላለሰች ዝብርቅርቅ ጽሑፍ ከታየ፣ ባይቶቹ ደኅና ናቸው፣ የተሳሳተው አነባበቡ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኢንኮዲንግ ሜኑ ውስጥ ከላይ ያለውን ዩቲኤፍ 8 ይምረጡ፤ ከታች ያለውን ኮንቨርት ቱ ዩቲኤፍ 8 አይንኩ። የላይኛው «እንደገና አንብበው» ማለት ነው፤ የታችኛው የሚታየውን ዝብርቅርቅ እንደ እውነተኛ ጽሑፍ ቆጥሮ ይለውጠዋል፣ ሴቭ ከተደረገ በኋላ መመለሱ አድካሚ ሥራ ነው። ሦስተኛው የጥያቄ ምልክት ነው፤ ሴቭ ተደርጎ ከተዘጋ ከመጠባበቂያ ቅጂ በቀር መድኃኒት የለውም። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፉ የድሮ ፋይሎች ከዚህ ውጭ ናቸው፤ እነሱ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የተቀመጡ ስለሆኑ በየትኛውም ቴክስት ኤዲተር የላቲን ድብልቅልቅ ሆነው ይታያሉ። መቀየሪያ ያስፈልጋቸዋል እንጂ የቤታው ስህተት አይደሉም።

ኪቦርዱም ይፈተሽ። በድምፅ የሚያስጽፍ ኪቦርድ «ኤስ» ሲነካ ስ ይጽፋል፤ አናባቢው ሲከተል ስን ደምስሶ ሰን ይተካል። በዚህች ቅጽበት የኤዲተሩ ቃል ጠቋሚ ሳጥን ብቅ ካለ መደምሰሱን ሊውጠውና «ስሰላም» የሚል ነገር ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ አንድ አንቀጽ በሥራ ፍጥነትዎ ይተይቡ፣ ቀስ ብለው አይደለም። ፊደል ከተደረበ ፕሪፈረንስስ ውስጥ ኦቶ ኮምፕሊሽንን አጥፍተው ይድገሙት። ሲጠፋ ችግሩ አብሮ ከጠፋ፣ ያ ለሪፖርት የሚሆን ጥሩ ፍንጭ ነው።

ፍለጋ ላይ «ፀሐይ» ብለው ፈልገው «ጸሀይ» ባይገኝ አይደንግጡ፤ ለኮምፒውተር ጸ እና ፀ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚለውን መርጠው [ጸፀ][ሀሐኀሃሓኃ]ይ ብለው ቢፈልጉ አሥራ ሁለቱንም አጻጻፍ ያመጣል። ማተሚያ ቤት አራሚዎች ይህችን አንዲት መስመር ቢይዟት ብዙ ድካም ትቀንሳለች። ስም ዝርዝር በፊደል ተራ ሲያስደረድሩም ሠ ከሰ በፊት፣ ጸ ከፀ በፊት መምጣት አለበት።

መብራት። ሴቭ በተደረገበት ቅጽበት መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ሲከፈት ልኩ ትክክል ሆኖ ውስጡ ከዳር እስከ ዳር ነል በሚል ጥቁር ምልክት ተሞልቶ ሊገኝ ይችላል። ዊንዶውስ የፋይሉን ልክ መዝግቦ ጽሑፉን ራሱን ዲስክ ላይ ሳያሰፍር ስለተቋረጠ ነው፤ ያልሰፈረውን ማውጣት አይቻልም። በየ7 ሰከንዱ የሚሠራው የኤዲተሩ መጠባበቂያ ሴቭ ያልተደረገውን እንጂ ይህን አያድንም። ስለዚህ ፕሪፈረንስስ፣ ባክአፕ ገብተው ባክአፕ ኦን ሴቭ ከሚለው ስር ቨርቦስ ባክአፕን ይምረጡና ማስቀመጫውን ሌላ ዲስክ ላይ ያድርጉት። ሴቭ ባደረጉ ቁጥር የቀደመው ቅጂ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ለብቻው ይቀመጣል። በቆየው ዕትምዎ ላይም ዛሬውኑ ያድርጉት።

ስህተት ሲያገኙ አንዱን ስህተት ለአንድ ሪፖርት ያድርጉ። የነኩትን በቅደም ተከተል፣ የጠበቁትን፣ የሆነውን፣ በቆየው ዕትም ይታይ አይታይ እንደሆነ ይጻፉ፤ ከዲባግ ኢንፎ ያለውን ጽሑፍ ኮፒ አድርገው ያያይዙ። ችግሩ አንድ ፊደል ላይ ከሆነ የዩኒኮድ ቁጥሩን ይጥቀሱ፤ ለምሳሌ ሰ 1230 ነው። የደንበኛ ስምና ጉዳይ ያለበት ፋይል አይላክ፤ ስህተቱን የምታሳይ ሁለት መስመር በሌላ ቃል ጽፈው ይላኩ። በእንግሊዝኛ መጻፍ ካስቸገረዎ በአማርኛ አምጡልን፤ ተርጉመን ለአዘጋጆቹ እናደርሳለን፣ ክፍያ የለውም። ኢንተርኔት ለሌለውም የተመሳከረውን ዚፕ በፍላሽ እንቀዳለን፤ ፍላሹን ሲነቅሉ ኢጀክት ማለትዎን አይርሱ።

ይፋው ዕትም ሲወጣ የሙከራውን ፎልደር ይጥሉታል። ከመጣልዎ በፊት ግን አንድ ጊዜ ከፍተው ስም ያልተሰጣቸው፣ «ኒው 1»፣ «ኒው 2» የሚሉ ታቦችን ይዩ። እነሱ ያሉት እዚያው ፎልደር ውስጥ ባክአፕ በሚለው ስር ብቻ ስለሆነ አብረው ይጠፋሉ። የሚፈለግ ጽሑፍ ካለ ስም ሰጥተው ዶክመንትስ ውስጥ ሴቭ ያድርጉት፣ ከዚያ ፎልደሩን ያጥፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገናና የጽሑፍ ሶፍትዌር አገልግሎት ክፍል
ጎንደር