ጠዋት የሚያስመልሰው ልጅ ሁሉ ትል የለበትም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የስድስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ ራሱን እያመመው ያስመልሰው ነበር፤ ወዲያው ቀለል ብሎት ቁርሱን ስለሚበላ ግን ሁለት ወር ያህል የትል መድኃኒት ስንሰጠው ከረምን። እዚሁ ጅማ ደጋግመን የወሰድንበት ክሊኒክም ከሰገራ ምርመራ አላለፈም። የደነገጥነው ሱሪውን ለመልበስ ግድግዳ መደገፍ የጀመረ ዕለት ነው። ኤምአርአይ ሲነሳ የሰውነትን ሚዛን በሚጠብቀው፣ በማጅራት በኩል ባለው የአንጎል ክፍል (ትንሹ አንጎል በሚባለው) ላይ ዕጢ ተገኘ።

በልጆች ላይ የአንጎል ዕጢ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በማጅራት በኩል በመሆኑ የአንጎል ፈሳሽ የሚወርድበትን መንገድ ይዘጋል፤ ሲተኙ ግፊቱ ስለሚጨምር ሕመሙ ጠዋት ይብሳል። ሐኪሙ ካስፈለገ ፈሳሹን ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ያስገባል፤ ከዚያም በማይክሮስኮፕ እየታገዘ፣ ጤነኛውን ክፍል ሳይጎዳ ሊወጣ የሚችለውን ያህል ዕጢ ያወጣል። ፒሎሲቲክ አስትሮሳይቶማ የሚባለው ዓይነት ሙሉ በሙሉ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ብቻ ይበቃል፤ የእኛም ልጅ ዕድሉ ይኸው ሆነ። ሜዱሎብላስቶማ የሚባለው አደገኛ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ጨረርና ኬሞቴራፒ ይከተል ነበር፤ ጨረሩ ደግሞ የሚያድግ አንጎልን ስለሚጎዳ ከ3 ዓመት በታች ላሉት በተቻለ መጠን አይሰጥም።

የኅብለ ሰረሰር ዕጢ ምልክቱ ሌላ ነው፤ ሌሊት የሚቀሰቅስ የጀርባ ሕመም፣ የእግር መዛል፣ ሽንት መቋጠር አለመቻል። እግሩ ጨርሶ ከመዛሉ በፊት ሐኪም ዘንድ የደረሰ ልጅ የተሻለ የመራመድ ተስፋ አለው።

በየቀበሌው የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እነዚህን ምልክቶች ለእናቶች ቢነግሩ፣ ክሊኒኮችም ልጁን አስነሥተው አሥር እርምጃ ቢያስኬዱት ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጅማ ነዋሪ