ጠርሙሱ ዝም ብሏል፣ የሚናገረው ሬዲዮው ነው፦ ለመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስምዎን ያልጠራሁት ረስቼው አይደለም። ይህ ደብዳቤ የመድኃኒት ማስታወቂያን የሚቆጣጠር ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ነው፤ የየትኛውም አገር ይሁን። የ"ተአምረኛ" መድኃኒት ሻጭ ከአገር አገር ቋንቋ ይቀይራል እንጂ ዘዴ አይቀይርም።

የጻፍኩት በአክስቴ ምክንያት ነው። አክስቴ የደም ግፊት አለባት። ለዓመታት በየጠዋቱ አንድ ኪኒን ትውጥ ነበር። አንድ ቀን ሬዲዮ ላይ "ግፊትን ከሥሩ ነቅሎ የሚጥል" የተባለ ፈሳሽ ሰማች። አንዲት ሴት ቀርባ "ኪኒኔን ጣልኩት፣ ዛሬ ሌላ ሰው ነኝ" ትላለች። አክስቴም ገዛች፣ ኪኒኗንም አቆመች።

ምንም አልሆነችም። ጉዱም ያለው እዚህ ጋ ነው። የደም ግፊት ከፍ ቢልም አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ አያዞርም፣ ምልክት አያሳይም። ስለዚህ ኪኒኑን ትቶ "ድኛለሁ" የሚል ሰው አይዋሽም፤ የሚሰማው እንደዚያ ነው። ሬዲዮ ላይ የቀረበችው ሴትም ምናልባት አልዋሸችም። በሦስተኛው ወር የአክስቴ ግራ እጅና እግር አልታዘዝ አሏት። ስትሮክ ነው ተባለ። አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች። ስለዚያ ጠርሙስ ግን ማውራት አትወድም። ታፍራለች።

ማፈር የነበረባት እሷ አልነበረችም። ብዕር ያስነሳኝም ይኸው ነው።

መጀመሪያ ጣቢያው ዘንድ ደወልኩ። "እኛ የሸጥነው የአየር ሰዓት ነው፤ ስለ ይዘቱ የሚጠየቀው አስነጋሪው ነው" አሉኝ። የአስነጋሪው ስልክ አይነሳም። ከዚያ ጠርሙሱን ይዤ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የተቀበሉኝ ባለሙያ ጨዋ ሰው ነበሩ። ጠርሙሱን አገላብጠው አዩና "እዚህ ላይ ግፊት ይፈውሳል የሚል የለም እኮ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የተለጠፈበት ወረቀት የሚለው "ከተፈጥሮ የተገኘ፣ ለጤና ተስማሚ" ብቻ ነው። ፈውሱ ያለው ሬዲዮው ላይ ነው። ሬዲዮውን የሚመለከት ደግሞ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው ተባልኩ።

ነገሬ በአጭሩ ይህ ነው። ሕጉ ጠርሙስ ያነባል፣ ውሸቱ ግን በአፍ ነው የሚነገረው።

ቤቴ ገብቼ ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት እንደተወጡት ማንበብ ጀመርኩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።) ተጽናናሁም፣ ተናደድኩም። የተጽናናሁት ብቻዬን እንዳልሆንኩ ስላወቅኩ ነው። የተናደድኩት ደግሞ ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ የሚታወቅ መሆኑን ሳይ ነው።

አሜሪካ በ1906 የምግብና የመድኃኒት ሕግ አወጣች። መለያው ላይ የሚጻፈው ነገር ሐሰት መሆን የለበትም ይላል። ከዚያ ከካንሳስ ሲቲ ጆንሰን የሚባል ሰው ካንሰርን ያድናል ብሎ በሸጠው ነገር ተከሰሰ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1911 ፍርድ ቤቱ ምን አለ? ሕጉ የሚከለክለው ጠርሙሱ ውስጥ ስላለው ነገር መዋሸትን ነው፤ ምን ያድናል በሚለው ላይ መዋሸትን አይደለም። ማለትም ስለ ቅመሙ እውነቱን እስከተናገርክ ድረስ ካንሰር ያድናል ማለት ትችላለህ። ጆንሰን ነጻ ወጣ።

የአገሩ ምክር ቤት በዓመቱ ሕጉን አሻሻለ። ሐሰተኛ የፈውስ ቃል ተከለከለ። ግን አንዲት ቃል ጨመሩበት፤ ውሸቱ "ለማጭበርበር ታስቦ" የተደረገ መሆን አለበት። ክቡር ኃላፊ፣ እቺን ቃል ልብ ይበሉልኝ። ሻጩ ፍርድ ቤት ቀርቦ "እኔ እኮ አምኜበት ነው፤ እናቴንም ያጠጣኋት ይህንኑ ነው" ካለ ዐቃቤ ሕጉ ምን ያደርጋል? የሰው ልብ እንደ ጠርሙስ አይገለበጥም። ደግሞ ብዙዎቹ በእርግጥ ያምናሉ። እኔ በሽያጩ የሚያምነውን ሻጭ ከአጭበርባሪው አስበልጬ እፈራዋለሁ፤ ድምፁ ላይ ምንም ጥርጣሬ የለማ።

በ1937 ደግሞ የባሰ መጣ። ሰልፋኒላማይድ የሚባለውን መድኃኒት አንድ ኩባንያ ዳይኢቲሊን ግላይኮል ውስጥ አሟሙቶ በፈሳሽ መልክ ሸጠው። ይህ ማሟሚያ ጣፋጭ ነው፣ መርዝም ነው። ከ100 በላይ ሰው ሞተ፤ ከሦስቱ አንዱ ያህል ሕፃናት ነበሩ። ኩባንያው ምርቱን ለገበያ ከማውጣቱ በፊት ደኅንነቱን እንዲፈትሽ የሚያስገድደው ሕግ አልነበረም። ታዲያ በምን ተከሰሰ? በስሙ። "ኤሊክሲር" የሚለው ስም አልኮል አለበት ማለት ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ደግሞ አልኮል የለም። "ፈሳሽ" ብለው ጠርተውት ቢሆን ኖሮ ሕጉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር። ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

በ1938 አዲስ ሕግ ወጣ። መድኃኒት ሳይፈተሽ እንዳይሸጥ ተደረገ፣ "ለማጭበርበር ታስቦ" የምትለዋም ሐረግ ተነሳች። ግን በዚያው ዓመት ሌላ ሕግ መጥቶ ሥራውን ለሁለት ከፈለው። የጠርሙሱ መለያ ለአንዱ መሥሪያ ቤት፣ የመድኃኒት ማስታወቂያ ለሌላው። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኔ ጠርሙስ ይዤ የተንከራተትኩበት ኮሪደር የተሠራው ያኔ ነው ለካ።

የተሻለ የሠሩ አሉ። እንግሊዝ በ1939 ካንሰርን አክማለሁ ብሎ ለሕዝብ ማስታወቂያ ማውጣትን በሕግ ከለከለች። ሕጉ ጠርሙሱ ውስጥ ምን አለ ብሎ አይጨነቅም፤ የሚያየው የተነገረውን ቃል ነው። ሕንድ በ1954 ያወጣችው ሕግ 54 ሕመሞችን ዘርዝሮ እነዚህን እፈውሳለሁ የሚል ማስታወቂያ ከለከለ። ስኳር፣ ካንሰርና ዓይነ ስውርነት ከነዚያ ውስጥ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት የ2001 መመሪያ ደግሞ የሻጮቹን አፍ ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ሰው የጻፈው ይመስላል። "ውጤቱ የተረጋገጠ ነው" አይባልም። "ሐኪም ጋ መሄድ አያስፈልግም" አይባልም። "ከተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም" አይባልም። ዝነኛ ሰው ወይም የጤና ባለሙያ አቅርቦ "ይህን ውሰዱ" ማሰኘት አይቻልም። አሳሳች የመዳን ምስክርነትም አይቻልም።

የአክስቴ ሬዲዮ ከነዚህ ውስጥ ያልጣሰው አንድም የለም።

ምስክርነት ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው መድኃኒት የሚገዛው ሕመሙ በጣም ሲብስበት ነው። ብዙ ሕመም ደግሞ ከባሰበት በኋላ በራሱ ጊዜ ቀለል ይላል። የወገብ ሕመም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የቆዳ ነገር እንዲህ ናቸው። ገዢው ግን ቀለል ያለውን በጠርሙሱ ያመካኛል፣ ከልቡም ይመሰክራል። የባሰበት ሰው ማይክሮፎን አይሰጠውም፤ የሞተው ደግሞ አይደውልም። ስለዚህ መቶ ምስክር ቢሰለፍም የሚነግረን ነገር የለም። ሐሰተኛ ምስክርን መቅጣት ብቻ አይበቃም የምለው ለዚህ ነው። እውነተኛ ምስክርም ያሳስታል።

"ይህ መድኃኒት አይደለም፣ ተጨማሪ ምግብ ነው" የሚል መውጫ ቀዳዳም አለ። አሜሪካ በ1994 ለነዚህ ምርቶች ላላ ያለ ሕግ አወጣች። "በሽታ ይፈውሳል" እንዳይሉ ተከለከሉ፤ "በሽታ የመከላከል አቅምን ይደግፋል" ማለት ግን ይችላሉ፣ ከሥሩ ምርቱ በሽታን ለማከም ያልታሰበ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ እስከጨመሩ ድረስ። ያንን ደቃቅ ጽሑፍ መነጽር አድርጎ የሚያነብ በሽተኛ ካለ ያሳዩኝ።

አንዳንዱ "የተፈጥሮ" ነገር ደግሞ በእርግጥ ይሠራል፤ ያኔ ነው መደንገጥ ያለብን። የየአገሩ ተቆጣጣሪዎች ሲመረምሩ ለወንድ ብርታት የሚሸጠው ቅጠል ውስጥ ሲልዴናፊል አግኝተዋል፤ የቪያግራ ንጥረ ነገር ማለት ነው። የልብ ሕመምተኛ ናይትሬት እየወሰደ ይህን ሳያውቅ ከጠጣ የደም ግፊቱ በአንዴ ሊወርድበት ይችላል። ለመገጣጠሚያ በሚሸጠው ውስጥ ስቴሮይድ፣ ለማክሳት በሚሸጠው ውስጥ ሲቡትራሚን ተገኝቷል። ሲቡትራሚን የልብና የስትሮክ አደጋ ያመጣል ተብሎ በ2010 ከአውሮፓም ከአሜሪካም ገበያ የወጣ ነው።

ስለ ቅጣትም ላንሳ። በ1891 ለንደን ውስጥ አንድ ኩባንያ በአፍንጫ የሚሳብ የጭስ ኳስ ይሸጥ ነበር። ተጠቅሞበት ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ቢኖር 100 ፓውንድ እንሸልማለን አለ። ካርሊል የሚባሉ ሴትዮ እንደታዘዙት ተጠቀሙ፣ ኢንፍሉዌንዛው ያዛቸው፣ ገንዘቡን ጠየቁ። ኩባንያው "የማስታወቂያ ወሬ ነው፣ ማን እንደ ቁም ነገር ይወስደዋል" አለ። ፍርድ ቤቱ ግን ለሴትዮዋ ፈረደ። ይህን የሕግ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ቀጥሎ የሆነውን ነው። ኩባንያው በ1893 አዲስ ማስታወቂያ አወጣ። በሺህ የሚቆጠር ኳስ ተሽጦ ሽልማቱን የጠየቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ይህ ፍቱንነቱን ያረጋግጣል፤ አሁን ሽልማቱን 200 ፓውንድ አድርገነዋል አለ! የተሸነፈበትን ፍርድ ማስታወቂያ አደረገው። ከሽያጩ ያነሰ ቅጣት ለነጋዴ ወጪ ነው፣ እንደ ጋዜጣ ክፍያው።

ሕንድም ያንን የ1954 ሕግ ይዛ እንኳ በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ፓታንጃሊ የተባለውን ኩባንያ በአሳሳች ማስታወቂያ ጉዳይ ሲጠይቅ ነበር። ኩባንያው ጋዜጣ ላይ ይቅርታ አወጣ። ዳኞቹ የጠየቁትን ወድጄዋለሁ፦ የይቅርታው ማስታወቂያ መጠኑ ከቀድሞው ማስታወቂያችሁ ጋር እኩል ነው ወይ? አሜሪካ ውስጥም በ1970ዎቹ ሊስተሪን የተባለው የአፍ መጉመጥመጫ ባለቤት ምርቱ ጉንፋን ይከላከላል ሲል ስለነበር በራሱ ወጪ እንደማይከላከል እንዲናገር ተገዷል። እኔም የምፈልገው ይህን ነው። አክስቴ የሰማችበት ጣቢያ፣ በዚያው ሰዓት፣ ያንኑ ያህል ጊዜ "የነገርናችሁ ልክ አልነበረም፤ ኪኒናችሁን አታቁሙ" ይበል። ገንዘብ ቢቀጣ መንግሥት ካዝና ይገባል። ይህ ቃል ግን ኪኒኑን ያቆመ ሌላ ሰው ጆሮ ሊገባ ይችላል።

እርስዎ ዘንድ ያለኝ ጥያቄ ከዚህ የሚከተል ነው። ፈውስ የሚናገር ሰው ከመናገሩ በፊት ማስረጃውን ያቅርብ፤ ልቡ ምን ያምን እንደነበር አይጠየቅ። የተነገረበት ቦታ ልዩነት አያምጣ፤ ጠርሙስ ላይም ይሁን ሬዲዮ ላይ፣ ስልክ ላይ በሚላክ ቪዲዮም ይሁን፣ አንድ ሰው ይጠየቅበት፣ አንድ ክፍልም ይቀበለው። ለንግግሩ የተከፈለው ሁሉ፣ ጣቢያውም አቅራቢውም ዝነኛውም፣ ድርሻውን ይጠየቅ። "የአየር ሰዓት ነው የሸጥኩት" የሚለው መልስ ይብቃ።

አንድ ነገር ልጨምር። "አቤቱታ ሲመጣልን እናጣራለን" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አይመጣልዎትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል ነበር፤ እነዚህ ሻጮች ግን በሽታውን ለደበቀ ሰው እቤቱ ድረስ በጥቁር ፌስታል ያመጣሉ። ስንፈተ ወሲብ፣ መካንነት፣ ኪንታሮት፣ ኤች አይ ቪ። ለዚህ የተታለለ ሰው ቢሮዎ መጥቶ ስሙን አያስመዘግብም። አክስቴ እንኳን፣ ሕመሟ ከግፊት የማያልፍ፣ አልመጣችም። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤትዎ አንድ ሰው ሬዲዮና ስልክ ይዞ በቀን አንድ ሰዓት ይቀመጥና ያዳምጥ። የሚሰማውን ቀድሞ ሰምቶታል፤ ልዩነቱ ይህኛው ሥራው ይሆናል።

ጠርሙሱ አሁንም እኔ ዘንድ ነው። ከግማሽ በታች ደርሷል። የሬዲዮውንም ንግግር በስልኬ ቀድቼዋለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚረከበኝ ክፍል ካለ የቢሮ ቁጥሩን ይንገሩኝ፤ በማግስቱ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት በሽተኛ የወንድም ልጅ